ግንባር የማይወጋ፣ ጆሮ የማያስጮኽ ሄልሜት በመካከለኛ ዋጋ ለመምረጥ

መንገዴ ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ አድርጎ፣ የጮቄን ተራራ ትከሻ አቋርጦ ወደ ድጎ ጽዮን የሚያልፈው ነው። የከብት ሐኪም ነኝ። የታመመ ከብት ቀን ስለማይመርጥ ሐምሌም ይሁን ጥር በሞተር እወጣለሁ።

የመጀመሪያውን ሄልሜት ስገዛ «ሰፋ ያለ ይሻላል፣ ክረምት ከሥሩ ኮፍያ አደርግበታለሁ» ብዬ ከልኬ ከፍ ያለውን ወሰድኩ። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ነፋሱ ከአገጬ ሥር ገብቶ ሽቅብ ያነሳዋል፤ አንገቴን ሳዞር ሄልሜቱ እኩል አይዞርም። ማታ እራት ላይ ባለቤቴ የምትለውን በደንብ አልሰማም ነበር፤ ጆሮዬ ውስጥ ቀፎው የተነካበት ንብ ያለ ይመስላል። ሁለተኛውን አጥብቄ ገዛሁ። እሱ ደግሞ ግንባሬ ላይ አንድ ቦታ ይዞ ስለሚጫነኝ ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጥለው ነበር። ደህና ያልኩት ሦስተኛው ነው፤ ዋጋው ከሁለተኛው ብዙም አይበልጥም።

ዛሬ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ ሰክቶ የሚነዳ ወጣት ሳይ ቸልተኛ ነው ብዬ አልፈርድም። ቆሜ ስጠይቅ የምሰማው ያው ነው፦ «ይወጋኛል»፣ «ያፍነኛል»፣ «መኪና አያሰማኝም»። የተለያዩ አገሮች ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሄልሜቱ ጭንቅላት ላይ ሲውል ነው፤ ጭንቅላት ላይ የሚያውለው ደግሞ ምቾት ነው። ከሦስት ሄልሜት በኋላ የተረዳሁት ምቾቱም ጸጥታውም በአብዛኛው የሚመጡት ከልክ መሆኑን ነው። ልክ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትርና ግማሽ ቀን ይበቃል።

አንደኛ፦ ከቤት ሳትወጡ ጭንቅላታችሁን ለኩ

ሜትሩ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል (2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጭንቅላታችሁ በጣም የወጣበትን ቦታ ይዞ ይዙር። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ሜትር ከሌለ በሲባጎ ዙራችሁ ማስመሪያ ላይ ዘርጉት።

ብዙ አምራቾች ከ55 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር ያለውን ኤስ፣ ከ57 እስከ 58ን ኤም፣ ከ59 እስከ 60ን ኤል፣ ከ61 እስከ 62ን ኤክስኤል ይሉታል። የአንዱ ኤም ግን ለሌላው ኤል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፊደሉን ትታችሁ በሳንቲ ሜትር የተጻፈውን እዩ። ልካችሁ በሁለት ቁጥር መካከል ካረፈ ትንሹን አስቀድማችሁ ሞክሩ።

ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች ሁልጊዜ በምትሠሩት ፀጉር ተለኩ። ማጅራት ላይ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ወደ ፊት ገፍቶ ዓይን ላይ ያወርደዋል፤ ቋጠሮውን ዝቅ ማድረግ ወይም መፍታት ይሻላል። በሞተር ከደብር ደብር የሚመላለሱ ካህናት አባቶችም አሉን፤ እነሱ ጥምጥሙን በቦርሳ ይዘው ያለ ጥምጥም ቢለኩ መልካም ነው። በጥምጥም ላይ የሚጠለቅ ሄልሜት ለጭንቅላቱ ትልቅ ስለሚሆን በአደጋ ጊዜ ተነቅሎ ይሄዳል። እኔ ክረምት አደርግበታለሁ ብዬ ያሰብኩት ኮፍያም ያው ነው። ብርድ ከፈራችሁ ከሥር የሚለበስ ስስ የጨርቅ ጭምብል ግዙና ሄልሜቱን ስትሞክሩ እሱን አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛ፦ የጭንቅላታችሁን ቅርፅ እወቁ

ሻጭም ገዢም አብዝቶ የሚዘለው ይህንን ነው፤ የእኔም ሁለተኛ ሄልሜት ችግር እዚህ ነበር። ልኩ ትክክል ነበር፣ ቅርፁ ግን የእኔ አልነበረም።

ጭንቅላት ከላይ ሲታይ የአንዱ ከግንባር ወደ ማጅራት ረዘም ያለ ነው፣ የሌላው ክብ ይላል፣ የብዙ ሰው መሃል ላይ ነው። ፀጉራችሁን በውኃ አስተኝታችሁ ሰው ከላይ በስልክ ፎቶ እንዲያነሳችሁ አድርጉ፤ ወዲያው ይታያችኋል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሄልሜት ለመካከለኛው ቅርፅ የተሠራ ነው።

ሄልሜቱን ስታጠልቁት ግንባራችሁ ላይ አንድ ቦታ የሚያም ከሆነና በጎንና በጎን ክፍት ከሆነ፣ ጭንቅላታችሁ ረዘም ያለ፣ ሄልሜቱ ክብ ነው ማለት ነው። በሁለቱም ጎን የጆሮ ግንድን የሚጨብጥ፣ በግንባርና በማጅራት በኩል ግን ክፍተት ያለው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው አንድ ቁጥር መጨመር አይደለም። ቁጥር ሲጨምር የወጋው ቦታ ይላላል፣ ሌላው ሁሉ ግን ይሰፋል፤ የሰፋው ነፋስ ያስገባል፣ ነፋሱም ይጮኻል። ትክክለኛው ሌላ ሞዴል ወይም ሌላ አምራች መሞከር ነው።

ሻጩ «ጋሼ፣ ሲለበስ ይለመዳል» ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። የጉንጩ ስፖንጅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ አዲስ ሄልሜት ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ ቢይዝ፣ ስትናገሩም ጉንጫችሁ በጥርስ መካከል ሊገባ ቢል አትደንግጡ። የግንባሩ ግን አይለመድም፤ የሚወጋችሁ ከስሱ ስፖንጅ ጀርባ ያለው ጠንካራው ፎም ነው። ዛሬ የወጋችሁ ከዓመት በኋላም ይወጋችኋል።

ሦስተኛ፦ ዓይነቱን ምረጡ

ፊቱ ክፍት የሆነው ቀላልና አየር የሚያስገባ ነው። ከተማ ውስጥ፣ በዝግታ፣ ከደብረ ማርቆስ ገበያ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ለሚመላለስ ሰው ያጓጓል። አገጭን አይሸፍንም፣ ከሁሉም በላይ የሚጮኸውም እሱ ነው፤ እኔ አልመክረውም።

አገጩ ወደ ላይ የሚነሳው ለእኛ አገር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ገጠር ውስጥ ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው ያስደነግጣል። ሽማግሌ ሲያጋጥም ፊትን ሳይገልጡ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ነውር ነው፤ ኬላ ላይም ፊታችሁን ማሳየት አለባችሁ። አገጩን ብድግ አድርጎ ሰላም ብሎ ማለፍ ስለሚቻል ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ይህንን ይወዱታል። ግን ማጠፊያ ስላለው ይከብዳል፣ በመጋጠሚያውም ነፋስ ስለሚገባ በተመሳሳይ ዋጋ ከሙሉው የበለጠ ይጮኻል። በመካከለኛ ገንዘብ ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ የእኔ ምርጫ አንድ ወጥ የሆነው ሙሉ ሄልሜት ነው። ሰው ሲያጋጥመኝ ፍጥነት ቀንሼ የሄልሜቱን መስታወት ሙሉ አነሳለሁ፤ ዓይኔን ያየ ሰው ሰላምታዬን ይቀበላል። ለሽማግሌ ደግሞ ወርጄ አወልቃለሁ።

ከግንባሩ በላይ ረጅም ጥላ ያለው፣ ለኮረኮንችና ለአፈር መንገድ የሚሠራው ዓይነት ለፀሐይ ጥሩ ነው። አስፋልት ላይ ግን ጥላው ነፋስ እየያዘ አንገትን ይጎትታል፣ ጩኸቱም ብዙ ነው። ጥላው የሚፈታ ከሆነ ፈትታችሁ ሞክሩት።

አራተኛ፦ ደህንነቱን በዓይናችሁና በእጃችሁ መርምሩ

ጸጥ ያለና የሚመች፣ ግን ባዶ የሆነ ሄልሜት አትግዙ። ውስጡን ገልጣችሁ ከስፖንጁ ጀርባ ያለውን ፎም ፈልጉ፤ ቴሌቪዥን ታሽጎበት እንደሚመጣው ያለ፣ ግን ጠጠር ያለ መሆን አለበት። በግጭት ጊዜ ጉልበቱን የሚበላው እሱ ተጨፍልቆ ነው። ከላይኛው ቅርፊት ሥር ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ካገኛችሁ የያዛችሁት ከግንባታ ቆብ ብዙ አይሻልም፤ መልሱት።

የደህንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳዩትን ምልክቶችም እዩ። የአውሮፓው ኢሲኢ ምልክት በክብ ውስጥ ያለች ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር ናት፤ ብዙ ጊዜ የምትገኘው የአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውን 22.06 የተባለውን አዲሱን ደረጃ አልፏል ማለት ነው። ይህ ደረጃ ቀጥታ ምትን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትን የሚያሽከረክር ምትንም ይፈትናል። በ05 የሚጀምረው የቀድሞው ነው፤ እሱም መናቅ የለበትም። ከቁጥሩ ጋር ፒ የምትል ፊደል ካለች አገጩም ተፈትኗል፤ ጄ ከሆነች የአገጭ መከላከያ የሌለው ክፍት ሄልሜት ነው። የአሜሪካው ዶት (DOT) ምልክት ከኋላ የሚለጠፍ ሲሆን ማንም ሊያሳትመው ስለሚችል ብቻውን አያሳምነኝም። እውነተኛው ከሆነ ውስጡ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ልኩና የተሠራበት ወርና ዓመት ተጽፎ ታገኛላችሁ። የሕንድ ሄልሜቶች ላይ አይኤስአይ የሚል ምልክትና አይኤስ 4151 የሚል ቁጥር ይኖራል።

የተሠራበትን ዓመት ሳታዩ አትክፈሉ። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ሄልሜት በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያገለገለ ሄልሜትም ይቅርባችሁ። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ሄልሜቱ ወድቆ እንደሆነ የሚያውቀው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆዩ

ለዚህ ቀን አትቸኩሉ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ሄዳችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ግቡ። የገበያ ቀን አትሂዱ፤ ሻጩ ሌላ ደንበኛ ሲጠብቀው እናንተን ያጣድፋችኋል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትነዱ የምትለብሱትን ጃኬትም ልበሱ።

ማሰሪያውን በሁለት እጅ ወደ ጎን ከፍታችሁ አጥልቁት። ሲገባ ጆሮን ማጠፍ የተለመደ ነው፤ ከገባ በኋላ ጣት አስገብታችሁ ጆሯችሁን አስተካክሉ። ጆሮው የሚያርፍበት ጉድጓድ በቂ ካልሆነ ረጅም መንገድ ላይ ያቃጥላል። ሄልሜቱ ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ማሰሪያውን እሰሩ፤ በአገጭና በማሰሪያው መካከል አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ከዚያ ሄልሜቱን ይዛችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት። የጉንጫችሁና የግንባራችሁ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፤ ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻ ከተንሸራተተ ሰፍቷል። ቀጥሎ ጓደኛችሁ ከማጅራት በኩል የሄልሜቱን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፋው። ማሰሪያው ታስሮ እያለ ከጭንቅላታችሁ ከወጣ ምንም ቢያምር ተዉት።

አሁን ተቀመጡ። ሻጩን ቡና እየጠጣችሁ አዋሩት፣ ስልክ ደውሉ፣ ብቻ ሄልሜቱን አታውልቁት። በሦስት ደቂቃ የማይሰማ ውጋት በሃያ ደቂቃ ይሰማል። የሚያዩአችሁ ቢገረሙም ግድ የላችሁም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አውልቁና መስታወት ላይ ግንባራችሁን እዩ፦ በእኩል የተሰራጨ ቀላ ያለ ምልክት ደህና ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሳንቲም የቀላ ካለ ያ ሄልሜት የእናንተ አይደለም። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ካልፈቀደ በአንድ ቀን ለመመለስ ተስማሙ፤ ላስቲኩን ሳትቀዱ፣ ቤት ውስጥ ብቻ ሞክራችሁ።

ስድስተኛ፦ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ብዙ ሰው ጩኸት ከሞተሩ ይመስለዋል። ዝግ ብላችሁ ስትሄዱ እውነት ነው። በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስታልፉ ግን የነፋሱ ድምፅ ሞተሩን ይበልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነት በትንሹ ሲጨምር ጩኸቱ በብዙ ይጨምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ 95 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በአስፋልት የሚጋልብ ሰው ይህን በየቀኑ ቢያደርገው ማታ ማታ የሚሰማው የጆሮ ጩኸት ቀስ በቀስ ቋሚ ሊሆን ይችላል። የጠፋ የመስማት ችሎታ ደግሞ አይመለስም።

ነፋሱ በዋናነት የሚገባው ከሥር፣ በአንገትና በአገጭ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የማየው የሄልሜቱን የታች ጠርዝ ነው። በአንገቴ ዙሪያ ጣቴን አዞራለሁ፤ ወፍራም የአንገት ስፖንጅ ያለውና ጣቴን በጥብቅ የሚያስገባው ያሸንፋል። ከአገጭ ሥር የሚለጠፍ ጨርቅ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ልዩነቷ ግን ትልቅ ነው።

ቀጥሎ መስታወቱ። አንድ ቁራጭ ወረቀት በመስታወቱና በጎማው መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። እየያዘ የሚወጣ ከሆነ ጎማው ይገጥማል፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ነፋስም ዝናብም በዚያ ይገባሉ። ዙሪያውን በአምስት ስድስት ቦታ ሞክሩ። ከዚያ የላይኛውን ቅርፊት በመዳፋችሁ ዳብሱ፦ የወጡ ጌጦች፣ ክንፍ የሚመስሉ ፕላስቲኮች፣ የማይዘጉ ቀዳዳዎች ሁሉ ነፋስ ላይ ያፏጫሉ። ለስላሳና ክብ የሆነው ተራ የሚመስለው ሄልሜት ብዙ ጊዜ ከተጌጠው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። የአየር ማስገቢያዎቹ ደግሞ የሚከፈቱና የሚዘጉ ይሁኑ።

ከገዛችሁ በኋላ በመንገድ ላይ አንድ ሙከራ አድርጉ። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር እንዳለው ያለ ሜዳማና ቀጥ ያለ፣ ከብትና ጋሪ የሌለበት ቦታ ምረጡ፤ ከኋላ የምታምኑትን ሰው፣ እሱም ሄልሜት አድርጎ፣ ጫኑ። በእኩል ፍጥነት እየሄዳችሁ ሰውዬው በሁለት እጁ የሄልሜታችሁን የታች ጠርዝ ለአፍታ ይሸፍን። ጩኸቱ ከቀነሰ በአንገት በኩል ይገባል ማለት ነው። ካልቀነሰ የመስታወቱን ማጠፊያ፣ ከዚያ የላይኛውን ቀዳዳ ይሸፍን። ለብቻችሁ ስትሆኑ ደግሞ ጎንበስ፣ ቀና ብላችሁ ድምፁ ሲለወጥ አዳምጡ። ጎንበስ ስትሉ ጸጥ ካለ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ የፊት መከላከያ መስታወት የሚመጣ የተበጠበጠ ነፋስ ነው፤ ሄልሜት ብትቀይሩ አይተዋችሁም፤ የመስታወቱን ከፍታ ለውጡ።

በአንገት በኩል ለሚገባው መድኃኒቱ ቤታችሁ አለ። ስስ ሻርፕ ወይም የነጠላ ቁራጭ አንገት ላይ ጠምጥማችሁ ጫፉን ጃኬታችሁ ውስጥ አስገቡ። ክፍተቱን ይዘጋል፣ ለጮቄ ብርድም ይሆናል። ጫፉ ውጭ እንዳይቀር ግን አደራ፤ ሰንሰለትና ጎማ ይይዘዋል። ጋቢ ተከናንቦ መንዳትን በዚህ ምክንያት ፈጽሞ አልወደውም።

ሰባተኛ፦ የጆሮ መድፈኛ

ሄልሜት ብቻውን ነፋስን ዝም አያሰኝም፤ በጣም ውድ የሚባለውም ቢሆን። በመካከለኛ በጀት ከሁሉም የበለጠ ጸጥታ የሚሰጠው በጣት ተጠቅልሎ የሚገባው ለስላሳ የፎም መድፈኛ ነው። ፋርማሲና የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ ጠይቁ፤ ማሸጊያው ላይ 30 ዴሲቤል አካባቢ የሚል ፈልጉ። እጃችሁን ታጥባችሁ ቀጭን አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡትና እስኪያብጥ ሠላሳ ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ጥጥ ግን ለዚህ አይሆንም።

«መኪና አልሰማም» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ እኔም ነበረኝ። ስሞክረው የቀነሰው የነፋሱ ውርጅብኝ ነው፤ የአይሱዙ ጥሩምባ ከኋላ ሲመጣ ከበፊቱ ይልቅ ለይቼ እሰማዋለሁ። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስሄድ አላደርገውም። የሙዚቃ ማዳመጫ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፋሱን ለመብለጥ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርጉት ጉዳቱን ይጨምራል።

ስምንተኛ፦ ገንዘባችሁን የት ታውላላችሁ?

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጠቅስም። ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ግን ማወቅ ይጠቅማል። የእንግሊዝ መንግሥት ሻርፕ በሚባለው ፕሮግራሙ ሄልሜቶችን እየፈተነ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ሆነው አምስት ኮከብ ያገኙ አሉ፣ ውድ ሆነው ያነሰ ያገኙም አሉ። ከመካከለኛው ዋጋ በላይ የምትከፍሉት በአብዛኛው ለቀለለ ቅርፊት፣ ለተሻለ ጨርቅና ለስም ነው። ከመካከለኛው በታች ስትወርዱ ግን የምታጡት ፎሙን፣ መቆለፊያውንና የመስታወቱን ጥራት ነው።

ኤችጄሲ፣ ኤልኤስ2፣ ኤምቲ፣ ስተድስ የሚባሉት በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ ሞዴሎቻቸው በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። ስማቸው የተለጠፈበት ሁሉ ግን የእነሱ አይደለም፤ ፎርጅድ እንዳይሆን በአራተኛው ክፍል ያልኩትን መርምሩ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ልካችሁን በሳንቲ ሜትርና የጭንቅላታችሁን ፎቶ ከላይ አንስታችሁ ላኩ፤ ሳይሞክሩ መግዛት ግን ምንጊዜም ዕድል ነው።

ለሥዕልና ለቀለም አትክፈሉ፤ ከቻላችሁ ነጭ ወይም ደማቅ ቀለም ውሰዱ፣ በጉም ውስጥ ይታያል። ከሚተርፋችሁ ገንዘብ መለዋወጫ ንጹሕ መስታወት ግዙ። ወደፊት ለዚያ ሞዴል መስታወትና የጉንጭ ስፖንጅ እንደሚገኝ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ መስታወቱ ሲጫር ሙሉ ሄልሜት መጣል ያሳዝናል። ክብደቱም ይመዘን፦ ሙሉ ሄልሜት ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በኮረኮንች ላይ አንገታችሁ ማታ ይነግራችኋል።

ዘጠነኛ፦ ለጎጃም አየር

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ደጋው ላይ የተመቸ ሄልሜት ሸለቆው ውስጥ ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ የአገጭና የግንባር አየር ማስገቢያ፣ ከኋላም ማስወጫ ያለው ይሁን። ቁልቁለቱ ላይ ክፈቱት፣ ፍጥነታችሁ ዝቅ ስለሚል ጩኸቱ አያስቸግርም፤ ደጋው ላይ ስትወጡ ዝጉት። ጮቄ ላይ ደግሞ ችግሩ እንፋሎት ነው። ከመስታወቱ ውስጥ የሚለጠፍ ፒንሎክ የሚባል ፀረ ጉም ሽፋን አለ፤ ለመግጠም ሁለት ትናንሽ መሰኪያ ያለው መስታወት ከሆነ ኋላ ሊገዛለት ይችላል። ከሌለ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ከውስጥ በስሱ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ አጥሩት፤ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል።

ጥቁር መስታወት ለብቻው አትግዙ። ሲመሽ ይጨልማል፤ ከፍታችሁ ስትነዱ ደግሞ በጣና ዳር አመሻሽ ላይ የሚነሳው ትንኝ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ መስታወትና ከውስጥ የሚወርድ ትንሽ የፀሐይ መከለያ ያለው ሞዴል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ መከለያው ሲወርድ አፍንጫ እንዳይነካ ሞክሩት።

ከገዛችሁ በኋላ

ስፖንጁ የሚወጣ ከሆነ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። መስታወቱን አቧራ ይዞ እያለ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፤ መጀመሪያ በውኃ የራሰ ጨርቅ አድርጉበት፣ አቧራው ይላቀቅ። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩንም ፎሙንም ይበላሉ፤ ሄልሜቱን ከጀሪካን ጋር አንድ ጓዳ አታስቀምጡ። የሞተሩ መስታወት ዘንግ ላይ መስቀልም ፎሙን ይሰረጉደዋል፤ መሬት ላይ ወይም ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ከኋላ ለምትጭኑት ሰው የሚሆነውንም በዚሁ መንገድ ለኩ። የባለቤቴ የጉንጯ ስፖንጅ ከእኔው ቀጭን ነው፤ የራሷን ስትመርጥ ግማሽ ሰዓቱን ሱቅ ውስጥ ሙሉ ተቀምጣ ነው።

አንዴ በከባድ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ይጣል። ያልተመታውም ቢሆን በላብ፣ በፀሐይና በአቧራ ስለሚያረጅ አምራቾች በአብዛኛው በአምስት ዓመት ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ። የእኔ ሦስተኛው ሄልሜት በመጪው ጥቅምት አምስት ዓመት ይሞላዋል፤ የጉንጩ ስፖንጅ ተኝቶ ነፋስ ማስገባት ጀምሯል። መኸሩ ሲሰበሰብ ሜትሬን ይዤ ባሕር ዳር እወርዳለሁ።